ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ድረ ገጽ ለምትሠሩ የደሴ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ድረ ገጽ በነፃ ለመሥራት የምትነሡ ወጣቶች እየበዛችሁ መምጣታችሁ ያስደስተኛል። የሥራ ዘመኔን በእንዲህ ያሉ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት በአስተዳደር ሥራ ያሳለፍኩ በመሆኔ፣ ከየት ብትጀምሩ እንደሚሻል ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት ከመሥራቾቹ ፎቶግራፍና ከራእይና ተልእኮ ጽሑፍ ነው፤ ገጹን የሚከፍተው ሰው ግን በአብዛኛው የሚፈልገው መርሐ ግብሩ መቼና የት እንደሚካሄድ፣ ምንስ ይዞ መምጣት እንዳለበት ነው።

የሰዓቱን ነገር በተለይ አደራ እላችኋለሁ። ከውጭ የምታወርዷቸው የቀን መቁጠሪያዎች ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳያሉ፤ ሰዓቱንም የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ነፃ የዓይን ምርመራ በገጹ ላይ «9፡00» ተብሎ ከወጣ፣ ከኩታበር የሚመጡ እናት ልጃቸው ያነበበላቸውን አምነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ይደርሱና ዕቃቸውን ሸክፈው ከሚወጡት ሐኪሞች ጋር በር ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ «ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ለውጭ ለጋሾች የሚሆነው ቀን ከሥሩ በትንሹ ቢቀመጥ ይበቃል። በወሎ ምድር የአርብን የጁምዓ ሰዓትና የእሑድን ቅዳሴ ያላገናዘበ መርሐ ግብር አዳራሹን ባዶ ያስቀራልና፣ የሁለቱም እምነቶች በዓላት በጽሕፈት ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀድመው ይመዝገቡ።

ፍለጋውም ይታሰብበት። አንዱ «ሐይቅ» ሌላው «ሀይቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ገጹ ሁለቱንም እንደ አንድ ካልቆጠረ ሐይቅ ከተማ ላይ የሚደረገውን የደም ልገሳ ግማሹ ሰው አያገኘውም። ፎቶግራፎቹን አሳንሷቸው፤ የሚከፈቱት ደካማ ኔትወርክ ላይ ባለ ስልክ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ያለው ምዝገባው ላይ ይመስለኛል። ተመዝጋቢው የሞላው ቅጽ በቀጥታ ወደ አስተባባሪው ዝርዝር ከገባ፣ ስንት ወንበር እንደሚያስፈልግና ለማን እንደሚደወል ከዋዜማው ይታወቃል፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በየዓመቱ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሚቀርበውን ሪፖርት ለማዘጋጀትም ማስረጃው በእጅ ይኖራል። ኔትወርክ መጥፋቱ ለእኛ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ዝርዝሩ ከዋዜማው በወረቀት ይታተም። ከስምና ከስልክ ቁጥር ያለፈ ነገር ግን ካላስፈለገ አትጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል፤ የታማሚ ስም ያለበት ዝርዝር ሁሉም በሚያየው ቦታ ሊቀመጥ አይገባም።

የድረ ገጹ ስም የሚመዘገበው በማኅበሩ ስምና ኢሜይል እንጂ በእናንተ አይሁን፤ የዓመት ክፍያው የሚታደስበት ቀንም በሒሳብ ሹሟ ዘንድ ይጻፍ፤ እናንተ ነገ ለሥራ አዲስ አበባ ልትሄዱ ትችላላችሁና። ሥራውን ከማስረከባችሁ በፊት ጸሐፊዋ የሚቀጥለውን ወር መርሐ ግብር ራሷ እንድታስገባ አድርጉ፤ እናንተ አጠገቧ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ግን ከኮምፒውተሩ አርቁ። የቆመችበትን ቦታ ሁሉ በማስታወሻችሁ ያዙና ያንን ክፍል እንደገና ሥሩት።