ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳላስ ያለው የአየር ርቀት (መልስ)

ጤና ይስጥልኝ። እናትዎ ከለገጣፎ ተነሥተው ወደ ዋሽንግተን ስለሚጓዙ፣ ርቀቱ ስንት እንደሆነና ሲሄዱ በመንገድ ላይ አርፎ የሚሄደው አውሮፕላን ሲመለስ ለምን በቀጥታ እንደሚመጣ ጠይቀዋል። እኔም የዚያው የከተማ ዳርቻ ነዋሪ ነኝ።

ከቦሌ እስከ ዳላስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ እንጂ የቴክሳሱ ከተማ አይደለም) ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቢሣል ወደ ሰሜን የጎበጠ ይመስላል፤ ምድር ክብ በመሆኗ ግን ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያንና ስፔንን አቋርጦ አትላንቲክን የሚሻገረው ይህ መስመር ከሁሉም ያጥራል።

በእኔ እምነት ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ መታወቅ ያለበት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የክንፉ የማንሣት ኃይልና የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ በአንድነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይገጥመዋል። ዳላስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ሲመለስም ነፋሱ ከኋላ ስለሚያግዘው፣ በቀጥታ ይመጣል።

እናትዎ በመካከል ሲያርፉ የደረሱ እንዳይመስላቸው አስቀድመው ይንገሯቸው።