የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በስብሰባ የተናገርነው የት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል። በምኖርበት ወረዳ ባለፈው ክረምት ስለ መንገድና ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ሕዝባዊ ውይይት ተጠርቶ እኔም ተገኝቼ ነበር። ነዋሪው የልቡን ተናገረ፤ መድረኩን የመሩት ኃላፊዎችም «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በቅደም ተከተል ይመለሳል» ብለው ሸኙን። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማንም። አሁን ደግሞ ለሌላ ስብሰባ ተጠርተናል። ጎረቤቶቼ «ወንበር ከማሞቅ በቀር ምን እንፈይዳለን?» እያሉ ነው። መሄዱ ዋጋ አለው? ቃላችን እንዲመዘገብስ ምን ማድረግ እንችላለን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይሂዱ፤ ነገር ግን ጽሑፍ ይዘው ይሂዱ፣ ጽሑፍ ይዘው ይመለሱ። በመጀመሪያ ወረዳው እርስዎን ማወያየቱ ችሮታ እንዳልሆነ ይወቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። መብቱ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን ቦይ አያስቆፍርም፤ ሆኖም ኃላፊውን በልመና ቃል ሳይሆን በሙሉ ድምፅ ለመጠየቅ ያስችላል።

የአብዛኞቹን መድረኮች አካሄድ እርስዎም ያውቁታል። ሦስት ሰዓት ላይ ተብሎ የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል፤ የመነሻ ጽሑፉ እስኪነበብ ረፋዱ ያልቃል፤ ከዚያም መድረክ መሪው «ጥያቄዎችን ሰብሰብ አድርገን እንውሰድ» ይልና አምስት ስድስት ሰው በተከታታይ ያናግራል። የሚመለሰው በጅምላ ነው። ሰው ማይክ የያዘበት ጊዜ ሁሉ የተሰማበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን «የመሠረተ ልማት ጥያቄዎች ተነሥተዋል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የእርስዎ ሰፈር ቦይ፣ የሌላው መብራትና የሦስተኛው ኮብልስቶን አብረው ይቀበራሉ። መፍትሔው ጠባብ ጥያቄ መጠየቅ ነው። «ቦያችን መቼ ይሠራል?» ከማለት «ይህ ቦይ በዘንድሮው ዕቅድ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ከሌለ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚይዘው?» ቢሉ አዎን ወይም አይደለም የሚል ምላሽ ከመስጠት ማምለጥ ይከብዳል። በነገራችን ላይ ወረዳው ራሱ የማይወስንባቸው ጉዳዮች ጥቂት አይደሉም፤ በከተማችን ብዙው የመንገድ ሥራ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ወረዳው በማይመለከተው ነገር ላይ «ይመለሳል» ከሚልዎ «የእኛ አይደለም፣ ወደ እገሌ መሥሪያ ቤት እንጽፋለን» ቢልዎ የተሻለ ምላሽ አግኝተዋል።

ጊዜውንም ያስቡበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለ ጎርፍና ስለ ቦይ ሕዝቡ አምርሮ የሚናገረው ግን ውኃው ቤት ሲገባ፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የዓመቱ ገንዘብ ተደልድሎ ካበቃ በኋላ ነው። የባለፈው ክረምት ውይይታችሁ ፍሬ ያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ጥያቄ በጥር ወይም በየካቲት፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ገና በሚረቀቅበት ወቅት በጽሑፍ ቢያቀርቡት በዕቅዱ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል።

በስብሰባው ዕለት ሁለት ወረቀቶችን ልብ ይበሉ። አንደኛው በየወንበሩ እየዞረ የሚያስፈርሙት የስም ዝርዝር ነው። ከመፈረምዎ በፊት አናቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ «የተሳታፊዎች መቆጣጠሪያ» የሚል ከሆነ መገኘትዎን ብቻ ያሳያል፣ «የተስማሙ ነዋሪዎች» የሚል ከሆነ ግን ገና ባልተወያያችሁበት ነገር ላይ መፈረምዎ ነው። ርእስ የሌለው ባዶ ሠንጠረዥ ከመጣ ከስምዎ አጠገብ «ለመገኘት ብቻ» ብለው ይጻፉበት። ይህን ማድረግ አንዳንዱን አስተባባሪ ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ቅር ይበለው። ሁለተኛው ወረቀት ቃለ ጉባኤው ነው። ቤቱ ከመበተኑ በፊት የተነሡት ነጥቦች እንዲነበቡ እጅ አውጥተው ይጠይቁ፤ ለየነጥቡም ማን እስከ መቼ ምላሽ እንደሚሰጥ እንዲጻፍበት ያድርጉ።

ስብሰባው ካለፈ በኋላ በሚቀጥሉት ቀናት ውስጥ የተናገሩትን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ከተቻለ የጎረቤቶችዎን ፊርማ አክለው፣ ለወረዳው መዝገብ ቤት ያስገቡ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያስመቱ አይውጡ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ከከለከሉዎት የመረጃ ነጻነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው በመንግሥት አካል የተያዘ መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በመደበኛው አሠራር በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ቢከለክል አቤቱታው መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል።

የጎረቤቶችዎን መሰላቸት ግን አልነቅፍም። የቀበሌ አዳራሽ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው የሚጠራበት ቦታ ነው፤ በ1978 የሕገ መንግሥት ረቂቅ በየቀበሌው ውይይት ተደርጎበት ጥር 24 ቀን 1979 በሕዝበ ውሳኔ ሲጸድቅ ያዩ ወላጆቻችን በስብሰባ ብዛት ማንም አይበልጣቸውም። ብዙዎቹ ከዚያ ይዘው የቀሩት ውሳኔው አስቀድሞ አልቋል የሚል ግምት ነው። ግምቱ ሁልጊዜ ልክ ባይሆንም ከባዶ የመጣ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ነዋሪዎች ስለ አካባቢያችን አስተዳደር ራሳችን የውይይት መድረክ ለመጥራት አስበናል። አዳራሽ ስንጠይቅ «ፈቃድ አምጡ» አሉን። የግድ ፈቃድ ያስፈልጋል? (ከደሴ)

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብን መብት ያረጋግጣል። ሥነ ሥርዓቱን የሚወስነው የሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሲሆን፣ ከአዘጋጆች የሚጠይቀው ስብሰባው ከመካሄዱ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ በከተማ ለከተማው አስተዳደር፣ ከከተማ ውጭ ለወረዳው። በደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ይመጣል ተብሎ የሚገመተው ሰው ብዛት፣ ከመንግሥት የሚፈለገው ትብብር እንዲሁም የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራሉ። አስተዳደሩ በሌላ ጊዜ ወይም ቦታ ቢደረግ ይሻላል ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ በየትኛውም ጊዜና ቦታ ፈጽሞ አይደረግም ብሎ መከልከል ግን አይችልም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት ይህ መብት ሊገደብ ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።

እናንተ ያሰባችሁት ውይይት በጠባቡ ሲታይ የፖለቲካ ስብሰባ ላይሆን ይችላል፤ የዕድር ጉባኤን ማንም በዚህ አዋጅ አያስተናግድም። ሆኖም የአስተዳደር ጉዳይ የሚነሣበት ስለሆነ ደብዳቤውን ብታስገቡ አይጎዳችሁም፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለአዳራሹ ኃላፊ ስታሳዩት ክርክሩ ያጥራል። አዳራሹ የግለሰብ ከሆነ ባለቤቱ አላከራይም የማለት መብት አለው። የዕድራችሁ ድንኳን ካለ ብዙ ጊዜ እሱ ይቀላል።

ጥያቄ፦ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የእኛን ሙያ የሚነካ መመሪያ እያዘጋጀ መሆኑን ሰምተናል። መድረክ የሚጠሩት ግን «ባለድርሻ አካላትን» ብቻ ነው። ተራ ዜጋ ምን ያድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ስለዚህ የስብሰባ ጥሪ ባይደርስዎም የጽሑፍ አስተያየት መላክ ይችላሉ። የማይስማሙበትን አንቀጽ በቁጥሩ ጠቅሰው፣ በምትኩ ሊገባ የሚገባውን ቃል ራስዎ ረቂቅ አድርገው ይጻፉ፤ አርቃቂዎች በአጠቃላይ ቅሬታ ከተሞላ ሦስት ገጽ ይልቅ እንዲህ ያለውን አንድ አንቀጽ ያነቡታል። ተቋሙ ረቂቁን ሳያስተዋውቅ መመሪያውን ካወጣ ያው አዋጅ መመሪያው በፍርድ ቤት እንዲከለስ ለመጠየቅ መንገድ ይከፍታል፤ ለዚህ ግን ጠበቃ ቢያማክሩ ይሻላል።