ደብረ ብርሃንን ለአካል ጉዳተኞች ማመቻቸት፦ ጥያቄና መልስ

በከተማችን የምኖር የግንባታ ባለሙያ ነኝ። ከእናንተ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የሚከተሉትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የገበያ ሕንፃ እያሠራሁ ነው። የዊልቸር መግቢያ እንድሠራ የሚያስገድድ ሕግ አለ?

አዎን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ይልቅ ኪስዎን ያስቡ፦ መግቢያው አሁን በፕላኑ ላይ ቢካተት ጥቂት ተጨማሪ ኮንክሪት ብቻ ይጠይቅዎታል፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ደረጃ ማፍረስ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) አለ፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን አላየሁም። ለምን ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቁልቁለቱ ነው። የተለመደው መለኪያ አንድ ለአሥራ ሁለት፣ ማለትም ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ባሉበት በር ላይ የራምፑ ርዝመት 5 ሜትር ከ40 መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሁለት ሜትር የማይሞላ ነው፤ በዚያ ላይ ብቻውን የሚወጣ ሰው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ራምፕ ለተቆጣጣሪ ዓይን የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ችግር ራምፑ ላይ የሚነጠፈው ሴራሚክ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ፣ በኅዳር ደግሞ በማለዳ ውርጭ የተነሳ የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ክራንች አያስይዝም። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሻካራ ቢደረግ ርካሽም የተሻለም ነው። በሩ ፊት ለፊት ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ደልዳላ ቦታ፣ በጎንና በጎን ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መደገፊያ ያስፈልጋል። የራምፑ እግር ሥር ሞተር ብስክሌት ከቆመ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ። ኮብልስቶኑ በትሬን ይይዝብኛል፤ ይነሳ ማለት ይቻላል?

እህቴ፣ ድንጋዩን ሁሉ ማንሳት አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው ለስላሳ የኮንክሪት መሄጃ ቢፈስ እርስዎንም፣ ዊልቸር የሚገፋውንም፣ ልጅ ያዘለችውንም ያገለግላል። በእኔ ግምት ከኮብልስቶኑ የባሰው አደጋ ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ቦይ ነው፤ ከመንገዱ በፊት እርሱ መከደን አለበት።

ለዓይነ ስውራን መንገድ የሚጠቁም፣ በእግር የሚዳሰስ ንጣፍም አለ፤ መጀመሪያ የተዘረጋው በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃፓን ኦካያማ ከተማ ነው። ረዣዥም መስመሮቹ «ቀጥል»፣ ክብ ጉብታዎቹ «ተጠንቀቅ» ማለት ናቸው። ንጣፉ ወደ መብራት ምሰሶ የሚመራ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል።

ጥያቄ፦ መስማት ለተሳናቸውስ?

ለእነርሱ ራምፕ ምንም አይፈይድም። በጤና ተቋምና በፍርድ ቤት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በወረፋ ቦታም ተራን በቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አንኮበርና ደብረ ሲና ዳገት ናቸው፤ እዚያ ምን ይደረግ?

ተራራውን መደልደል ስለማይቻል አገልግሎቱን ማውረድ ነው። መታወቂያ የሚሰጠውና ገንዘብ የሚቀበለው ክፍል ወደ ምድር ቤት ይውረድ፤ ባጃጅም እስከ በሩ ደርሶ የሚያራግፍበት ቦታ ይከለልለት። ይህ ከግንባታ ይልቅ የቢሮ ድልድል ጉዳይ ስለሆነ በጀት እስኪመደብ መጠበቅ አያስፈልገውም።