ባልጩቱ የሰው እጅ ሥራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አለም ገና ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆቼን ይዤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበትን መልካ ቁንጡሬን በአስጎብኚ ጎብኝተን ነበር። አስጎብኚው «ይህ አንድ ሚሊዮን ዓመት፣ ያኛው ሰባት መቶ ሺህ ዓመት» እያለ በጥድፊያ አሳለፈን። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ጥቁር ድንጋይ ከመሬት አንሥታ «ይህን ሰው እንደ ሠራው በምን ይታወቃል?» ብትለው፣ «ተመራማሪዎች ብለዋል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ዳግመኛ ብንሄድ ምን ብለን እንጠይቅ? አዳዲ ማርያምንና ጢያንስ በዚያው ቀን ብንጨምር ይበዛብን ይሆን?
እናት፣ ከአለም ገና

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀችው ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን የሚጀምሩበትን ጥያቄ ነውና፣ ቅር ቢላት አይፈረድባትም። ባልጩት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚገኘው መስታወት መሳይ ጥቁር ድንጋይ፣ በሌላ ድንጋይ ጠርዙ ላይ ሲመታ የሚፈነጠረው ፍልጥ የራሱ ምልክት አለው። በውስጠኛው ገጹ ላይ፣ ምቱ ካረፈበት ነጥብ ሥር፣ የተከካ የአተር ፍሬ የመሰለ ትንሽ እብጠት ይታያል፤ ከእብጠቱም ጀምሮ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ እንደሚያወጣው ያለ ክብ ክብ ሞገድ ወደ ታች ይወርዳል። እርግጥ ነው፣ ጎርፍ የሚያንከባልለው ድንጋይም ተጋጭቶ አንድ ሁለት ፍልጥ ሊጥል ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ድንጋይ ላይ ከሁለቱም ፊት በተራ በተራ ተፈልጦ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ እንደ እጅ መጥረቢያ ሲወጣ፣ ይህን በአጋጣሚ የሆነ ነው ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ አስጎብኚውን «እናት ድንጋዩንና ከእርሱ የወጣውን ፍልጥ ጎን ለጎን ያሳዩን» ይበሉት፤ ይህም ለዕይታ በቀረቡት ቅርሶች ላይ ይሁን። ከመሬት የተነሣ ድንጋይ የነበረበትን ቦታ ካጣ አብዛኛው ታሪኩ አብሮት ይጠፋልና፣ ልጅዎ ያነሣችውን እዚያው መልሳ አስቀምጣው ከሆነ መልካም አድርጋለች።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ተመራማሪዎች የሚለኩት በአብዛኛው ድንጋዩ ከተፈለጠ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ሳይሆን፣ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በመሶብ የተደረደረ እንጀራ ታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው እንደ ሆነ ሁሉ፣ የአዋሽ ወንዝ ያስቀመጠው ደለልም ታችኛው ቀዳሚ ነው፤ በየመካከሉ የገባው አመድ ደግሞ ቀኑ እንደ ተጻፈበት እንጀራ ያገለግላል። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርገን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው አርገን ተለክቶ እሳተ ገሞራው መቼ እንደ ፈነዳ ይሰላል። ከበርዎ ሆነው የሚያዩዋቸው ወጨጫና ፉሪም የጥንት እሳተ ገሞራዎች ስለ ሆኑ፣ ትምህርቱን ገና መኪና ሳይነሣ መጀመር ይችላሉ።

አስጎብኚዎችን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ብዙው ጎብኚ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለመሄድ ስለሚቻኮል እነርሱም ቁጥር መደርደርን ለምደውታል። አስቀድመው ቢነጋገሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከመዘክሩ ሳይሆን የደለሉ ንብርብር ከሚታይበት የቦረቦር አፋፍ እንዲጀምሩ ይጠይቁ፤ ቦታውን ያላየ ሰው በመዘክር ውስጥ የሚያየው ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው። ቀጥሎ ሁለት ነገሮችን በስማቸው ጠርተው ይጠይቁ። አንደኛው ጎምቦሬ በተባለው የመልካ ቁንጡሬ ክፍል ከ700 000 ዓመት ገደማ በፊት የታተመው ዱካ ነው፤ ከአዋቂዎቹ ኮቴ ጋር የትንንሽ ሕፃናት ኮቴም ስላለበት ልጆችዎ ከማንኛውም የራስ ቅል ይበልጥ ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛው ጋርባ በተባለው ሌላው ክፍል የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ሲሆን፣ ዕድሜው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የሰው ዘር 2000 ሜትር ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ ያን ያህል ቀደም ብሎ መኖሩን ያሳየ ነው።

ስለ ድንጋዩ ምንጭም ይጠይቁ። ከመልካ ቁንጡሬ በስተሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ስፍራ ባልጪት የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወንዞችም ከዚያ የሚያመጡትን ባልጩት የጥንት ሰዎች ከጠጠሩ መካከል እየመረጡ ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 መልካ ቁንጡሬ ለሳይንስ ከታወቀ ወዲህ ቁፋሮው ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጥሎ፣ ሁለቱ ስፍራዎች በአንድነት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ሦስቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ አስጎብኚ ድርጅቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ለልጆች ግን አልመክረውም። አዳዲ ማርያም ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከዋናው መንገድ ገንጠል ብላ ስለምትገኝና የቅዳሴውን ሰዓትም ማክበር ስለሚገባ፣ የራሷ ቀን ቢሰጣት ይሻላል። ጢያ ግን እዚያው የቡታጅራ መንገድ ላይ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ይድረሱባት። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ጎልቶ የሚታየውም የጎራዴ ምስል ነው። በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ይሰማሉ፤ በሥራቸው የተገኙት መቃብሮች ግን ግራኝ አሕመድ ከተነሣበት ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይቀድማሉ። ልጅዎ «በምን ይታወቃል?» የሚለውን ጥያቄዋን እዚህም ታንሣ፤ እስኪመለስላትም ድረስ ታናሽዋ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተዘዋወረ ጎራዴዎቹን ይቁጠር።