ካቻቢቴውን ከማዞራችሁ በፊት

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች! ከደሴ እስከ ላሊበላ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚቀርጽ ማሽን) በቤቱ የሚገጣጥም ሰው እየበዛ ነው፤ ደስ ይላል። የዚህ ዙር ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ስቴፐር ሞተር (በጥቃቅን እርምጃ፣ በስቴፕ፣ የሚዞር ሞተር) እና ከረንት ስለሚለቅለት ትንሽ ሰሌዳ፣ ስለ ድራይቨሩ ናቸው።

ደሴ ፒያሳ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ፊደል የምቀርጽበት ማሽን ድራይቨሮቹ ኤ4988 ናቸው፣ ሞተሩ 1.5 አምፒር ይላል። ትንሿን ቪቴ እስከየት ላዙራት? ጓደኛዬ «ድምፁ እስኪያምር» ይለኛል።

ወንድሜ፣ በጆሮ አይሆንም። ያቺ ቪቴ ድራይቨሩ ለሞተሩ የሚለቀውን የከረንት ጣሪያ ነው የምትወስነው። መጀመሪያ ከቺፑ አጠገብ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ጥቁር ሬዚስተሮች በስልክህ ካሜራ አጉልተህ አንብብ። «አር100» የሚል ካለባቸው 0.1 ኦም ናቸው፤ «አር050» ከሆነ ደግሞ 0.05 ኦም። የምትፈልገውን አምፒር በ8 አባዛው፣ ከዚያ በኦሙ አባዛው። የሚወጣው ቁጥር ቪቴዋ ላይ የምትለካው ቮልት ነው።

ሞተሩ 1.5 ቢልም በ1 አምፒር ጀምር። አር100 ከሆነ 0.8 ቮልት፣ አር050 ከሆነ 0.4 ቮልት ይመጣል። ሳታነብ አር050ውን 0.8 ላይ ብታቆመው 2 አምፒር ለቀህበታል ማለት ነው። ያ የኤ4988 የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚበትን ብረት) እና ያለ ፋን የሚችለው 1 አምፒር ገደማ ብቻ ነው።

ስትለካ ማሽኑን የሚያዘውን ሰሌዳ፣ አርዱዊኖውን፣ በዩኤስቢ ብቻ ሰካ፤ የሞተሩ ፓወር ሳፕላይ ይጥፋ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ሽቦ ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን በአዞ መቆንጠጫ የካቻቢቴው ብረት ላይ አያይዝ። ካቻቢቴው ቪቴዋን ሲነካ ቮልቱን እያዞርክ ታየዋለህ። እጅህን አታፍጥን፤ የፀጉር ያህል ስትዞር ቁጥሩ ዘሎ ይሄዳል። ጫፉ ተንሸራቶ አጠገቡ ያለውን እግር እንዳይነካ ከጫፉ በላይ በናስትሮ ጠቅልለው።

አደራ፣ ፓወር በርቶ የሞተሩን ሶኬት እንዳትነቅል። እኔ አንድ ማታ ቸኩዬ ነቀልኩት። ቀጭን ጭስ ወጣች፣ ድራይቨሩም በዚያው ሞተ። ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልኝ ድረስ ለሰው ቃል የገባሁት ሥራ ቆመ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ኮምቦልቻ ነኝ። ክብ ስቀርጽ መነሻውና መድረሻው አይገጥምም። ረጅም ሥራ ላይ ፊደሎቹ ወደ አንድ ጎን ይሸሻሉ። ከረንት ስጨምር ባሰበት።

«ባሰበት» ያልከው ነገር ብዙ ይናገራል። ድራይቨሩ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። በመሃል ያመለጡት ስቴፖች ግን አይመለሱም። እናንተ ጋ ሙቀት አለ። ቀዝቃዛዋ ደሴም ብትሆን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ ከረንቱን መልሰህ ቀንስና ፋኑን በቀጥታ ድራይቨሮቹ ላይ አዙረው።

ከዚያ እርሳስ አንሳ። የሞተሩን ዘንግና ከረጅሙ ቪቴ ጋር የሚያገናኘውን ኩፕሊንግ የሚያቋርጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ፊደሉ ከሸሸ በኋላ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ካገኘኸው የኩፕሊንጉ ብሎን ላልቷል፤ አጥብቀው። መስመሩ ካልተከፈለ ስቴፕ የዘለለው ሞተሩ ነው። የዚያን ጊዜ አርዱዊኖው ላይ በተጫነው ፕሮግራም፣ በጂአርቢኤል፣ ፍጥነት የሚጨምርበትን ልክ የሚወስኑትን $120 እና $121ን በግማሽ ቀንስ። ሞተር በብዛት የሚሸነፈው ከቆመበት ሲነሣ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሣ። በ12 ቮልት የምትሠራ ከሆነ 24 ቮልት ፓወር ሳፕላይ በፍጥነት ሲሮጥ ጉልበቱን ያቆይለታል። ኤ4988 እስከ 35 ቮልት ይቀበላል።

ኤ4988ን አውጥቼ ዲአርቪ8825 ገጠምኩ። 100 ሚሊ ሜትር ሂድ ስለው 50 ይሄዳል።

አብሽር፣ ምንም አልተበላሸም። ከድራይቨሩ ሥር ሦስቱም ጃምፐሮች (ሁለት እግር የሚያገናኙ ትንንሽ ቆቦች) ሲገጠሙ ኤ4988 አንዱን ስቴፕ ለ16 ይከፍላል፤ ዲአርቪ8825 ለ32። በአንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር የሚራመድ ቪቴ ከሆነ ጂአርቢኤል ላይ $100ን (ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚሄደውን የስቴፕ ቁጥር) ከ400 ወደ 800 ቀይር። ቮልቱንም እንደገና ለካ፤ የዚህኛው ስሌት ሌላ ነው። በተለመደው አር100 ሬዚስተር 0.5 ቮልት 1 አምፒር ይሰጣል። ይኼኛው ግን ለመለካት የሞተሩ ፓወር መብራት አለበት፣ ስለዚህ ሞተሩ ከመጀመሪያው በደንብ ተሰክቶ ይቆይ።

ወልድያ የምኖር ጡረተኛ የቴክኒክ መምህር ነኝ። ሞተሩ ቆሞም እጅ አያስነካም። ሊቃጠል ነው?

ጋሼ፣ አይስጉ። ስቴፐር ቆሞም ቦታውን ለመያዝ ከረንት ይበላል። አብዛኞቹ እስከ 80 ዲግሪ ይችላሉ፤ እጅ ደግሞ 60 ላይ ይሸሻል። የቀለም ሽታ ከሸተተዎት ግን ወዲያው ያጥፉት።

ላሊበላ ነኝ፣ የእንጨት መስቀል እቀርጻለሁ። መብራት መሃል ላይ ሲሄድብኝ እንጨቱ ይበላሻል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ያንን መስቀል ሰባት ሰዓት ሠርተሽ አንድ ደቂቃ ሲቀረው መጣል ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ስቴፐር የት እንደቆመ አያውቅም፤ መብራት ሲመለስ ዜሮውን ረስቷል። ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው ቁልፍ) ግጠሚና ሆሚንግ፣ ማለትም በዚያ ቁልፍ መነሻውን ራሱ መፈለግን፣ አስለምጂው። የእንጨቱን ዜሮ ደግሞ ዜሮ በሚያስቀምጠው ትእዛዝ በጂ54 አስቀምጪ፤ ጂአርቢኤል ያንን መብራት ቢጠፋም ይይዘዋል። በሌላው ትእዛዝ በጂ92 ያደረግሽው ግን አይተርፍም። መብራቱ እንደሄደ የማሽኑን ሶኬት ንቀይ፣ እንጨቱን ከማሰሪያው አትፍቺ። ሲመለስ ሆም አድርጊ፣ ቢላውን ወደ ላይ አንሺና ካቆመበት መስመር ጥቂት ቀደም ካለው ቦታ አስጀምሪው።