መንፈሱ የአክስታችንን ስም ጠራ፤ እንመነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ከታመመች ዓመት ሊሞላት ነው። እንቅልፍ የላትም፣ ብቻዋን ታወራለች፣ ምግብ አትፈልግም። ጸበል ወሰድናት። በሦስተኛው ቀን ጮኸች። አጥማቂው በመቁጠሪያ እየመቱ «ማነህ? ማን ላከህ?» ሲሉት፣ «መተት ነኝ፣ ያስደረገችባት አክስቷ ናት» ብሎ ስሟን ጠራ። ይህቺ አክስታችን የእናታችን እህት ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችን እሷ ናት። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ነበርና ቪዲዮው ዘመድ ሁሉ ጋ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር አንነጋገርም። እህቴ ስትነቃ ምንም አታስታውስም፤ «ቤቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» እያለች ታለቅሳለች። አንዱ «አዋቂ ጋ ሄዳችሁ አጣሩ» ይለናል። ሌላው «ከሐኪም ቤት ያመጣችውን መድኃኒት አስቁሟት» ይለናል። መንፈሱ የተናገረውን እንመን? ጌታችንስ በጌርጌሴኖን አገር «ስምህ ማን ነው?» ብሎ ጋኔኑን ጠይቆ የለም ወይ? የእናታችን ሙት ዓመትም ቀርቧል። አክስታችንን እንጥራት?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እህቴ፣ የላክሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉም በላይ ሆዴን የበላው የታናሽሽ ለቅሶ ነው። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀመጪና «ያን ቃል የተናገርሽው አንቺ አይደለሽም፣ ቤቱንም አንቺ አላፈረስሽውም» በያት። አንዴ ብቻ ብለሽ አትተይው። ነገም ከነገ ወዲያም በያት። ሕመሙ ሳያንሳት የዘመድ ጠብ ዕዳ መሸከም የለባትም።

አሁን ወደ ወንጌሉ እንምጣ። የጠቀስሽው ታሪክ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ አለ። ጌታችን ባሕሩን ተሻግሮ ከታንኳ ሲወርድ አንድ ሰው ከመቃብር ወጥቶ አገኘው። የሰውየውን ኑሮ ወንጌላዊው በዝርዝር ነው የነገረን። መኖሪያው መቃብር ነው። በሰንሰለትና በእግር ብረት አስረውት ነበር፤ በጣጥሶታል። ሌሊትና ቀን በተራራና በመቃብር መካከል ይጮኻል። ሰውነቱን በድንጋይ ይቧጭራል። ሉቃስ ደግሞ በምዕራፍ 8 ልብስ እንደማይለብስና በቤት እንደማይኖር ጨምሮ ጽፏል።

እስኪ አስቢው። ይህ ሰው ቤት ነበረው። በኋላ ጌታ «ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎታልና ቤተሰብ እንደነበረው እናውቃለን። ርኩስ መንፈስ ከዚያ ቤት አውጥቶ ከሙታን ጋር አኖረው። ከዘመድ ለየው፣ ከልብሱ ለየው፣ በገዛ ሰውነቱ ላይ ድንጋይ አስነሣው። የጋኔን ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ይህን ይይ። አሁን ደግሞ ወደ ራስሽ ቤት ተመልከቺ። ያ ድምፅ ከተሰማ ወዲህ ምን ሆነ? አሳዳጊያችሁ ብቻዋን ቀረች። እናንተ እናታችሁን የምትተካ ሴት አጣችሁ። የታመመችው ልጅም ባሰባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ይህን ሁሉ ያደረገው።

«ስምህ ማን ነው?» ወዳልሽው ልመለስ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ጥቅስ ይዞ ይከራከራል። ጌታ መጠየቁ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥር 8ን አንብቢ። ከመጠየቁ በፊት «አንተ ርኵስ መንፈስ፥ ከዚህ ሰው ውጣ» ብሎት ነበር ይላል። ትእዛዙ ቀድሟል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ መልሱም «ብዙዎች ነንና ስሜ ሌጌዎን ነው» የሚል ሆነ። ሌጌዎን በዚያ ዘመን የሮም ሠራዊት ክፍል መጠሪያ ነው፤ ከ5 እስከ 6 ሺህ ወታደር ይይዛል። የቆሙት ሰዎች ያ ምስኪን ምን ያህል ጭነት ተሸክሞ እንደኖረ ሰሙ። ጥያቄውም በዚሁ አበቃ። «ማን ላከህ?» አላለውም። «በማን እጅ ገባህ?» አላለውም። «ከዘመዶቹ ማን ነው ያስደረገበት?» ብሎም አልመረመረም። አራቱንም ወንጌል ብታገላብጪ ጌታ ከጋኔን አፍ የሰው ስም የተቀበለበት ቦታ አታገኚም።

እንዲያውም ዝም ያሰኛቸው ነበር። በማርቆስ ምዕራፍ 1 በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩስ መንፈስ የያዘው ሰው «ማን እንደ ሆንህ አውቄአለሁ፥ የእግዚአብሔር ቅዱሱ» ብሎ ጮኸ። ቃሉ እኮ እውነት ነው! የእግዚአብሔር ቅዱስ ነው። ጌታ ግን «ዝም በል ከእርሱም ውጣ» ብሎ ገሠጸው። በፊልጵስዩስ ከተማም እንዲሁ ሆኗል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ የምዋርተኝነት መንፈስ የነበረባት አንዲት ገረድ ጳውሎስንና ሲላስን እየተከተለች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች እንደሆኑ ለሕዝቡ ትጮኽ ነበር። ይህም እውነት ነው። ጳውሎስ ግን ምስክርነቷን አልፈለገውም፤ አዘነ፣ ዘወርም ብሎ መንፈሱን እንዲወጣ አዘዘው። እውነት ሲናገር እንኳ ዝም የተባለ፣ ስለ አክስትሽ ሲናገር እንዴት ምስክር ይሆናል? ጌታ በዮሐንስ ወንጌል 8፥44 ዲያብሎስን ሐሰተኛ፣ የሐሰትም አባት ብሎታል። የኦሪት ሕግ እንኳ በዘዳግም 19፥15 ሰውን ለመክሰስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል። እናንተ አንዲትን እናት የፈረዳችሁባት በአንድ ምስክር ነው። እሱም ጋኔን ነው።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ አትመኑት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዲያቆን ሳለሁ በአንድ ጸበል ቦታ አገለግል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ጮኸች። አጥማቂው «ማን ላከህ?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ሕዝቡ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። የአንዲት ጎረቤት ስም ተጠራ። ያቺ ጎረቤት እዚያው ነበረች። የራሷን የታመመ ልጅ አዝላ ለመጠመቅ ተራ ትጠብቃለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ልጇን ሳታስጠምቅ ወጥታ ሄደች፤ ሁለተኛም አላየናት። እኔም እዚያው መስቀል ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዛሬም ሳስታውሰው እጸጸታለሁ፤ ላንቺም እንዲህ ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ ለዚያ ነው።

«ቢሆንስ? በእርግጥ አስደርጋባት ቢሆንስ?» ትዪኝ ይሆናል። መተት የሚያሠሩ ሰዎች የሉም አልልሽም፤ ኦሪት ዘዳግም 18 አጥብቆ የከለከለው የሚያደርጉት ስላሉ ነው። ግን እናንተ በእጃችሁ ምን አለ? ምንም። ደግሞስ እውነት ቢሆን ጌታ ያዘዘን ምንድን ነው? ለሚያሳድዱን እንድንጸልይ፣ የሚረግሙንን እንድንመርቅ ነው። ተጠምቀሻል፣ ሥጋውንና ደሙን ትቀበያለሽ። የሰው መተት ፈርተሽ የምትኖሪ ልጅ አይደለሽም። «በዓለም ካለው ይልቅ በእናንተ ያለው ታላቅ ነው» ይላል ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ።

አዋቂ ቤት ሄዶ ማጣራት የሚባለውን ፈጽሞ እንዳታስቢው። አዋቂ የተባለው ጠንቋይ ነው፤ ስሙን ማሳመር ሥራውን አይለውጠውም። አንዱ ጋኔን የተናገረውን በሌላው ጋኔን ማረጋገጥ ይሆናል። ቤታችሁ ውስጥ ሌላ ስም ይዘው ይገባሉ፤ ቀጥሎ የሚጠራው ያንቺ ስም ሊሆን ይችላል።

የቪዲዮው ነገር ደግሞ አለ። የአገሩ ሰዎች መጥተው ያን ሰው ሲያዩት «ለብሶ ልቡም ተመልሶ» ተቀምጦ አገኙት ይላል ማርቆስ። ራቁቱን ነበር፤ ለበሰ። እኛ ደግሞ የታመመች እህታችን ነጠላዋ ወድቆ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ራሷን በማታውቅበት ሰዓት ቀርጸን እንበትናለን። ነገ ስትድን ይህን ታያለች እኮ! ሥራ ቦታዋ ያያል፣ የሚያጫት ሰው ያያል። ቪዲዮው ያላቸውን ዘመዶች አንድ በአንድ ደውለሽ አስጠፊ። እንቢ የሚል ካለ የእሱ ልጅ ብትሆን ኖሮ ያደርገው እንደሆነ ጠይቂው።

ጸበሉን ቀጥሉ። ነገር ግን አጥማቂው በደብሩ የተመደቡ ካህን መሆናቸውን አረጋግጡ። «አባ፣ እባክዎ መንፈሱን ማን ላከህ ብለው አይጠይቁብን» ብለሽ በትሕትና ለምኛቸው። ይህን ማለት ድፍረት አይደለም። መቁጠሪያ የጸሎት ዕቃ ነው፤ ሰውነቷ እስኪያብጥ እንድትመታም አትፍቀጂ። ጌታ ያን ሰው አንድም ጊዜ አልመታውም። ሰንሰለቱንና እግር ብረቱን ያመጡት ሰዎች ነበሩ፤ አላዳኑትም።

መድኃኒቱን ደግሞ አታስቁሟት። እንቅልፍ ማጣትና ብቻን ማውራት ሐኪም የሚያየው ሕመምም ሊሆን ይችላል። ማቴዎስ 4፥24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን፣ አጋንንት ያደረባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ነው የጠራቸው። ሁሉንም ጋኔን ነው አላለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በይፋ አስተምረዋል። ለእህትሽም እንደዚያው ነው። ጠዋት ተጠምቃ መድኃኒቷን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ትዋጥ። መጠኑን የሚቀንሰውም የሚያስቆመውም ሐኪሙ ብቻ ነው።

የቀረው አክስታችሁ ናት። ያ ሰው ከዳነ በኋላ ጌታን ልከተልህ ብሎ ለመነው። ጌታ አልፈቀደለትም። «ወደ ቤትህ በቤተ ሰዎችህ ዘንድ ሄደህ» ብሎ ላከው። ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ሐዋርያ ሊሆን የፈለገውን ሰው መጀመሪያ ለናፈቁት ቤተሰቦቹ መለሰላቸው። ስንት ዓመት በመቃብር መሐል ሲጮህ በሩቅ የሚሰሙት እናት ነበሩት ይሆናል።

ስለዚህ አዎ፣ ጥሯት። ግን በጥሪ አትጀምሩ። ከሙት ዓመቱ በፊት በሌላ ቀን ቤቷ ሂዱ። አንድ ነገር ልለምንሽ። «ይቅር ብለንሻል» ብላችሁ እንዳትገቡ። እሱ ራሱ ክስ ነው፤ አድርገሻል ግን ትተንልሻል ማለት ነው። «በድለንሻል፣ ይቅር በዪን» ብላችሁ ግቡ። የሰማችሁትን ሳትጠይቋት ማመናችሁን፣ ቪዲዮውን አይታችሁ ዝም ማለታችሁን ንገሯት። ብታለቅስ ታልቅስ። ብትቆጣም እውነት አላት፤ አትመልሱላት። በር ባትከፍት ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ንስሐ አባታችሁን አብረዋችሁ እንዲሄዱ ለምኗቸው፤ ከዘመድም እሷ የምታከብረውን አንድ ሽማግሌ ያዙ። ጌታ በማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏልና፣ ለመቍረብ አስባችሁ ከሆነም ይህ ይቅደም።

ታናሽሽ ከቻለችና ከፈለገች አብራችሁ ትሂድ። ካልቻለች አታስገድዷት። አክስትሽ እሺ ብላ ከመጣች ሙት ዓመቱን እንግዳ ሆና አትዋል። ቀድማ ትምጣና ድግሱን እንደ ድሮው እሷ ትምራው። የእናታችሁ እህት ናት።