ከደቡብ ዋልታ በረዶ ሥር የኤሊየን ከተማ አለ ወይ? ጠይቃችኋል፣ ይኸው መልሱ

ያ ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ? ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም አንድ ዓይነት ቪዲዮ ነው የሚላክልኝ። አንታርክቲካ በረዶ ሥር ኤሊየኖች የሠሩት ከተማ ተገኝቷል፣ ትልልቆቹ መንግሥታት ደብቀውታል የሚል። ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝና ያላችሁን አምጡ አልኩ፣ እናንተም አልሰነፋችሁም። ለማታውቁኝ፣ የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው፣ እንጀራዬ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ። አንታርክቲካን አልረገጥኩም። ግን መሬት ውስጥ ያለን ነገር ሳያዩ የማወቅ ሥራ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ አንታርክቲካ ላይ አለ የሚባለውን ፒራሚድ በሳተላይት ካርታ ራሴ ፈልጌ አይቼዋለሁ። እሱንስ ምን ልትለው ነው?

መልስ፦ ተራራ ነው የምለው ወንድሜ። ቦታው አለ፣ አልተዋሸህም። ኤልስወርዝ በሚባሉት ተራሮች ደቡባዊ ክፍል ነው፣ ከፍታው 1,265 ሜትር ገደማ። በየስልኩ የተዛመተው በ2016 ነው። የቀለጠ ውሃ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ መልሶ ሲቀዘቅዝ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል፣ ይሄ ከየአቅጣጫው ለረጅም ዘመን ሲደጋገም ጎኑ እየተጠረበ ጫፉ ይሾላል። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ያለው ማተርሆርንም በበረዶ ተጠርቦ ነው እንደዚያ የሾለው፣ እሱን ኤሊየን ሠራው ሲባል ግን አልሰማሁም። እስቲ ካርታውን ትንሽ አርቀህ እየው። ዙሪያው በተራራ ጫፍ የተሞላ ነው፣ አብዛኛው ፒራሚድን አይመስልም። አንዱ አምሮ ወጣና እሱ ብቻ ተቆርጦ ተለጠፈ። ደግሞ ደበቁት የተባለውን ነገር አንተ ሆጤ ቁጭ ብለህ በስልክህ ማየትህ አይገርምህም?

ጥያቄ (ከሸዋበር)፦ ሰሜን ዋልታስ?

መልስ፦ እዚያ መሬት የለም። ውቅያኖስ ነው፣ በረዶው ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ውፍረቱም ጥቂት ሜትር ነው። ከሥሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ውሃ አለ። በ2007 ሩሲያውያን በሁለት ጠላቂ ጀልባዎች ወለሉ ድረስ ወርደው የታይታኒየም ባንዲራ ተክለው ተመልሰዋል። ግሪንላንድ ግን ሌላ ታሪክ አላት፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ያን ያህል ወፍራም በረዶ ሥር ያለውን በምን አወቁት? ካላወቁ ደግሞ የለም ማለት አይችሉም።

መልስ፦ ዛሬ ከመጡት ሁሉ ይሄን ወድጄዋለሁ። በረዶው በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ በጣም የወፈረበት ቦታ ደግሞ ከ4,700 ሜትር ያልፋል። ራስ ዳሽንን ከባሕር ጠለል ጀምረህ ብትለካው እንኳ ይውጠዋል። ግን ደረቅና ቀዝቃዛ በረዶ የራዲዮ ሞገድ ያሳልፋል። ራዳር አውሮፕላን ላይ ይታሰራል፣ ሞገዱ ወደ ታች ይላካል፣ ዓለቱ ጋ ሲደርስ ነጥሮ ይመለሳል፣ ከፈጀው ጊዜ ጥልቀቱ ይሰላል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1958 ሶቪየቶች ፈንጂ እያፈነዱ የሞገዱን ጉዞ በመለካት ጋምቡርትሴቭ የሚባለውን የተራራ ሰንሰለት አገኙ። ሙሉ በሙሉ በበረዶ የተቀበረ ነው፣ የአውሮፓን አልፕስ ያህላል። ማንም በዓይኑ ያላየው የተራራ ሰንሰለት! ማንም አልደበቀውም፤ ስም ወጣለት፣ ካርታ ላይ ገባ፣ አለቀ።

አሁን ለእናንተ ወገን የሚጠቅም ነገር ልንገርህ። የአውሮፕላኖቹ መስመሮች አንዳንድ ቦታ በብዙ ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፣ መሃሉ የሚሞላው በስሌት ግምት ነው። እዚያ መሃል አንድ ግንብ ብቻውን ቆሞ ቢሆን ራዳሩ አያየውም። ይሄን አልክድም። በእኛም ሥራ የተወሰነ ቦታ ለክተን መሃሉን እንገምታለን። ነገር ግን ባልለካንበት ቦታ ውሃ ሞልቷል ብሎ የሚምል ሰው ከመጣ ማስረጃ የሚጠየቀው እሱ ነው። አንድ ቦታ ስላልታየ ከተማ አለበት አይባልም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ቮስቶክ ሐይቅ ሥር ግዙፍ ብረት ተገኝቷል ይባላል። ማግኔት አሳይቷል።

መልስ፦ እዚህ ጋ ሥራዬ ውስጥ ገባችሁብኝ። ቮስቶክ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ በረዶ ሥር የተቀበረ ሐይቅ ነው፣ ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከላዩ ያለው የሩሲያ ጣቢያ በሐምሌ 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ የተመዘገበበት ነው፣ እኛ እኮ የደሴን ብርድ ነው የምናማርረው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሐይቁ አንድ ዳር የማግኔት ልዩነት ተለካ፣ እውነት ነው። ግን ስፋቱ በአሥሮች ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ነው፣ ለካን ያሉት ሰዎችም የጠረጠሩት የምድር ቅርፊት እዚያ ጋ ሳስቶ እንደሆነ ነው። ኮምቦልቻ ዙሪያ መሣሪያ ይዘህ ብትዞር ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ሲዘል ታያለህ፣ ባዛልት በሚባለው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ማግኔት ያለው ማዕድን ስላለ። ኤሊየን አንፈልግም፣ ውሃ እንፈልጋለን።

ሩሲያውያኑ እዚያው ቆፍረው በየካቲት 2012 መጀመሪያ ላይ በ3,769 ሜትር ሐይቁን አገኙት። ጉድጓዱ እንዳይዘጋ ኬሮሲን ሞልተውበት ነበርና ውሃው ከታች ገፍቶ ወጣ፣ እዚያው ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ የሳይንቲስቶቹ ጭቅጭቅ ናሙናው ውስጥ የታየው ባክቴሪያ የሐይቁ ነው ወይስ የኬሮሲኑ የሚል ነበር። ቁፋሮ የሠራ ሰው ይሄ ጭቅጭቅ ይገባዋል።

ጥያቄ (አንድ አባት ከቧንቧ ውሃ)፦ ልጄ፣ በረዶው ሳይመጣ በፊት የሰው ሥልጣኔ ኖሮ ቢሆንስ? የድሮ የቱርክ ካርታ በረዶ የሌለበትን አንታርክቲካ ያሳያል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ የሰሙት የፒሪ ሬይስን ካርታ ነው። በ1513 የተሣለ፣ በ1929 ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የተገኘ። ካርታው እውነተኛ ነው፣ ትርጓሜው ነው የተጣመመው። ግርጌው ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈው የባሕር ዳርቻ አንታርክቲካ ቢሆን ኖሮ ከደቡብ አሜሪካ የሚለየው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር መታየት ነበረበት፣ ካርታው ላይ ግን የለም፣ መሬቱ ተያይዟል። ሠዓሊው ራሱ ያንን ዳርቻ በጣም ሞቃት ነው፣ ትልልቅ እባቦችም አሉበት ይባላል ብሎ ጽፎበታል። አንታርክቲካ እባብ!

ዘመኑን ደግሞ ይዩት። አንታርክቲካ በሰፊው በበረዶ መሸፈን የጀመረችው ከ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከኮምቦልቻ ቁልቁል በሚሌ መንገድ ሄደው የሚገኙት አገር፣ ሐዳር ላይ በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። እሷ በአፋር ስትራመድ በረዶው አርጅቶ ነበር። ስለዚህ በረዶው ሲጀምር ቤት የሚሠራ ሰው ቀርቶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንኳ አልነበረም። በረዶው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ደን ነው፣ ቅሪቱም ተገኝቷል። በ1912 እንግሊዛዊው አሳሽ ስኮትና ጓደኞቹ ከዋልታው ሲመለሱ በረሃብና በብርድ ሲሞቱ አጠገባቸው የዕፅዋት ቅሪት ያለበት 16 ኪሎ ገደማ ድንጋይ ነበር፣ አልጣሉትም።

ጥያቄ (እዚያው ሥር የገባ)፦ እኛ ያልነው ሰው አይደለም፣ ኤሊየን ነው። ለኤሊየን 34 ሚሊዮን ዓመት ምንም አይደለም።

መልስ፦ እሺ፣ ይሁንልህ። ግን በረዶ ይፈስሳል። ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው በዓመት 10 ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፣ ለዚህ ነው የዋልታውን ምልክት በየዓመቱ ጥር 1 ቀን አንሥተው እንደገና የሚተክሉት። መጀመሪያ ዋልታው ላይ የደረሰው ኖርዌያዊ አሙንድሰን በ1911 የተከለው ድንኳን ዛሬ ተቀብሮ ከቦታው ርቋል። ዳርቻው ላይ ደግሞ ፍጥነቱ በጣም ይጨምራል፣ ሥሩ ያለውን ዓለት እየፋቀ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለ ነገር ሥር ግንብ ያን ያህል ዘመን እንዴት ቆሞ ይቆያል?

ጥያቄ፦ ካልደበቁ ለምን መሄድ ተከለከለ?

መልስ፦ አልተከለከለም። በ2022 እና 23 የበጋ ወቅት ከ100,000 በላይ ቱሪስት ሄዷል። የሚከለክልህ ኪስህ ነው፣ እኔንም። በ1959 የአንታርክቲካን ስምምነት መጀመሪያ የፈረሙት 12 አገሮች ናቸው፣ ደቡብ አፍሪካ አንዷ ናት፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረትም አሉበት። ስምምነቱ አንዱ የሌላውን ጣቢያ ገብቶ እንዲፈትሽ ይፈቅዳል፣ ሲፈታተሹም ኖረዋል። እነዚያ ሁለቱ በዚያ ዘመን አንዱ የሌላውን ገመና ለማውጣት እንቅልፍ አልነበራቸውም፣ በዚህ በኤሊየን ጉዳይ ብቻ ተስማምተው ዝም አሉ?

ጥያቄ፦ የሂትለር ሰዎች ሰፈር ሠርተው ነበር አይደል?

መልስ፦ በ1938 እና 39 አንድ የጀርመን መርከብ ሄዷል፣ የዓሣ ነባሪ አደን ቦታ ፍለጋ። በአውሮፕላን ፎቶ አነሱ፣ ጥቂት ሳምንት ቆዩ፣ ተመለሱ። በ1946 እና 47 አሜሪካኖች 13 መርከብና 4,700 ሰው ገደማ የላኩት ደግሞ ያንን ሰፈር ሊወጉ ሳይሆን ወታደር በብርድ ለማሠልጠንና ካርታ ለመሥራት ነው። ይለፈን።

ጥያቄ (ከደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ታዲያ በረዶ ሥር የተሠራ ነገር አንድም የለም ነው የምትለው?

መልስ፦ አለ እንጂ እህቴ! በዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቀረው። ደቡብ ዋልታ ላይ አይስኪዩብ የሚባል መሣሪያ አለ፣ በ2010 ተጠናቀቀ። 86 ጉድጓድ በሙቅ ውሃ ተቆፈረ፣ እያንዳንዱ ወደ 2,500 ሜትር ጥልቀት፣ ከዚያ 5,160 የብርሃን መለኪያዎች በገመድ ወረዱና በረዶው መልሶ ዋጣቸው። ከህዋ የሚመጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶችን ያድናል። 86 ጉድጓድ ቆፍረው አንድ ግድግዳ አላገኛቸውም፣ በነገራችን ላይ።

ግሪንላንድ ላይ ደግሞ እውነተኛ ፍርስራሽ አለ። ካምፕ ሴንቸሪ ይባላል። የአሜሪካ ጦር በ1959 በረዶ ውስጥ መሿለኪያ እየቆፈረ ከተማ ጀመረ፣ ሆስፒታል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የኑክሌር ማመንጫ ሳይቀር። ለሕዝብ የተነገረው የሳይንስ ጣቢያ ነው ተብሎ ነው። ከጀርባው ግን በረዶው ሥር ሚሳይል የመደበቅ እቅድ ነበረ፣ ሰነዱ በ1990ዎቹ ወጣ። ስለዚህ መንግሥት አይደብቅም ብዬ አልከራከራችሁም፣ ይደብቃል። እቅዱን ያከሸፈው ራሱ በረዶው ነው፣ መሿለኪያዎቹን በጥቂት ዓመታት እያጣመመ ማጥበብ ጀመረ፣ በ1967 ጥለውት ወጡ። በሚያዝያ 2024 የናሳ አውሮፕላን በዚያ ሲያልፍ ራዳሩ ላይ ቅርፁ ወጣ። ለጥቂት ዓመታት የቆየ ካምፕ እንኳ በራዳር ታየ እኮ።

ጥያቄ (አንዲት እህት)፦ ላሊበላንም ኤሊየን ሠራው የሚሉ አሉ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ይሄ ያናድደኛል። መላእክት ረድተዋል የሚለው የእምነት ጉዳይ ነው፣ ምእመኑም ንጉሡንና ጠራቢዎቹን ከታሪኩ አያወጣም። የኤሊየኑ ወሬ ግን ያወጣል። እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው ያለው፣ ሄደሽ ግድግዳውን እዪ፣ የመሮው ምልክት አለ፣ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፣ ሠራተኛ ያሰበበት ነገር በየቦታው ይታያል። ግብፅና ላሊበላና ሜክሲኮ ሲሆን ኤሊየን ይጠራል፣ የፓሪሱ ካቴድራል ጋ ግን ማንም አይጠራውም። ለምን እንደሆነ አንቺው ገምቺ።

ጥያቄ፦ ከሌላ ዓለም የመጣ ምንም ነገር የለም በቃ?

መልስ፦ ሞልቷል። ድንጋይ ነው። ነጭ በረዶ ላይ ጥቁር ድንጋይ ይታያል፣ እስካሁን ከ40,000 በላይ ሜትዮራይት ከአንታርክቲካ ተለቅሟል። በ1984 የተለቀመ አንዱ ከማርስ የመጣ ነው፣ በ1996 ውስጡ የጥንት ሕይወት ምልክት አለ ተብሎ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጡበት። አብዛኛው ሳይንቲስት በኋላ አልተቀበለውም። ግን ድንጋዩ ተዘዋውሮ ተመረመረ፣ በአደባባይ ተከራከሩበት። ትልቅ ግኝት ነው ብለው ሲያምኑ እንደዚያ ነው ያደረጉት፣ ሮጠው ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ከበረዶው ሥር የሚወጣ ምልክት ተቀድቷል የሚባለውስ?

መልስ፦ አኒታ የሚባል በፊኛ የተንጠለጠለ መሣሪያ ነው፣ በ2006 እና በ2014 በረራው ከታች የመጣ የሚመስል የራዲዮ ምት ቀዳ። ጥርት ያለ ማብራሪያ እስካሁን አልተገኘለትም። የፊዚክስ እንቆቅልሽ ነው፣ የሰላምታ መልእክት አይደለም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ያው የቅድሙ)፦ እሺ፣ አንተን የሚያሳምንህ ምንድን ነው?

መልስ፦ ኮር፣ ማለትም በቁፋሮ እንደ ዘንግ ተቆርጦ የሚወጣ ናሙና። ከበረዶው ሥር ተቆፍሮ የወጣ፣ የጉድጓዱ ቦታና ጥልቀቱ የተጻፈበት፣ ውስጡ ተፈጥሮ የማይሠራው ቅይጥ ብረት ያለበት፣ ለተለያዩ አገር ቤተ ሙከራዎች ተከፋፍሎ ሁሉም አንድ ውጤት ያመጡበት። ፎቶ አይበቃኝም፣ ቪዲዮ ደግሞ ጭራሽ። እሱ የመጣ ቀን ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ እስከ በረካው። ስለ ጠፍጣፋ ምድርና ስለ በረዶው ግንብ የላካችሁት ልጆች አብሽሩ፣ አልረሳኋችሁም፣ ለሌላ ቀን ነው።